ከፍ ዝቅ የሚል ፀሐይ፡ ለትልቅ የኮራል ገንዳ የመብራት ማንጠልጠያ እንዴት ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ከማያሚ ከተማ አቅራቢያ ባለው ባሕር ውስጥ ኮራሎች በአዲስ በሽታ ይረግፉ ጀመር። በሽታው የኮራሉን ለስላሳ ሥጋ ከድንጋያማ አጽሙ ላይ እየገፈፈ በሳምንታትና በወራት ውስጥ የሚገድል ሲሆን፣ ከ20 በላይ ዝርያዎችን አጥቅቷል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጠላቂዎች በሽታው ገና ወዳልደረሰባቸው ሥፍራዎች ቀድመው እየሄዱ ጤነኛ ኮራሎችን ለቅመው ወደ የብስ አወጡ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዛሬ የሚኖሩት ከባሕር ርቀው፣ በተለያዩ የአሜሪካ ግዛቶች ባሉ የእንስሳት ማቆያዎችና የሕዝብ አኳሪየሞች ገንዳ ውስጥ ነው። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ምሰሶ ኮራል የሚባለው ዝርያ፣ ከፍሎሪዳ ባሕር ጨርሰው ሊጠፉ በመቃረባቸው በገንዳ ያለው የተረፈው ዘራቸው ማለት ይቻላል።

የባሕርን ውኃ በገንዳ መተካት አድካሚ ቢሆንም የሚደረስበት ሥራ ነው። በአንድ ሊትር ውኃ 35 ግራም ገደማ ጨው ይሟሟል፤ ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው መካከል እንዲቆይ በማሞቂያና በማቀዝቀዣ ይጠበቃል፤ የማዕበሉን ሥራ ፓምፕ ይሠራል። ፀሐይን መተካት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፀሐይ ትወጣለች፣ ትገባለች፤ በደመና ትሸፈናለች፤ ኃይሏም ከወቅት ወቅት ይለያያል። ከጣሪያ ሥር የተቀመጠ ገንዳ ይህን ሁሉ የሚያገኘው ከላዩ ከተሰቀለው መብራት ብቻ ነው። መብራቱን የሚሸከመውና ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ማንጠልጠያ፣ ከውጭ ሲታይ ተራ የብረት ፍሬም ቢመስልም፣ በገንዳው ውስጥ የትኛው ኮራል እንደሚለመልምና የትኛው እንደሚሞት የሚወስን ዕቃ ነው።

እርሻውን በሥጋው የተሸከመ እንስሳ

ኮራል ከሩቅ ሲያዩት ድንጋይ፣ ቀረብ ሲሉት ተክል ይመስላል። በእርግጥ ግን እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ፣ አፋቸው በጥቃቅን ክንዶች የተከበበ ፍጥረታት በአንድነት ተጣብቀው የኖራ ድንጋይ አጽም እየገነቡ ይኖራሉ። በሥጋቸው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ዋቅላሚዎች፣ በተለምዶ አልጌ የሚባሉት፣ ሠፍረዋል። ዋቅላሚዎቹ እንደ ማንኛውም አረንጓዴ ተክል በብርሃን አስተፃምሮ ስኳር ያዘጋጃሉ፤ ኮራሉም ከሚያስፈልገው ኃይል አብዛኛውን የሚያገኘው ከዚሁ ነው። በምላሹ ኮራሉ መጠለያ ይሰጣቸዋል፤ ከሰውነቱ የሚወጣው ናይትሮጅን ያዘለ ቆሻሻም ማዳበሪያ ይሆናቸዋል። ግንኙነቱ በእኩል የሚያርሱ ባለ መሬትና አራሽ ካላቸው ውል ጋር ይመሳሰላል።

ውሉ የሚፈርሰው በሁለት መንገድ ነው። ብርሃን ሲያንስ ዋቅላሚው የሚያካፍለው ምርት ይጎድላል፤ ኮራሉ ወደ ቡናማነት ያደላል፣ እድገቱ ይገታል፣ በመጨረሻም በረሃብ ይሞታል። ብርሃን ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ዋቅላሚው ሊጠቀምበት የማይችለው ትርፍ ኃይል ጎጂ የኦክስጅን ውሑዶችን ይፈጥራል። ኮራሉ ዋቅላሚዎቹን ከሥጋው ያስወጣል፤ ነጩ አጽም በስሱ ሥጋ ውስጥ ገሃድ ሆኖ ይታያል። ይህ "የኮራል መንጣት" የሚባለው ነው። ከፍተኛ ሙቀት ሲታከልበት ጉዳቱ ይብሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የበጋ ወራት የፍሎሪዳ ባሕር ከልክ በላይ ሲሞቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮራሎች ከባሕር ውስጥ ማባዣ ጣቢያዎች ተነቅለው በየብስ ወዳሉ ገንዳዎች የተወሰዱት ለዚህ ነበር።

በሁለቱ ጉዳቶች መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባል። በብርሃን እጥረት የሚራብ ኮራል ለመዳከም ሳምንታት፣ ለመሞት ወራት ይወስድበታል፤ ጠባቂው ስሕተቱን የሚያርምበት ጊዜ አለው። በብርሃን ብዛት የሚቃጠል ኮራል ግን በቀናት ውስጥ ሊነጣ ይችላል። በችግኝ ጣቢያ የሠራ ሰው ነገሩን አይስተውም፤ በዳስ ጥላ የበቀለ ችግኝ ዳሱ በአንድ ቀን ቢነሣበት ቅጠሉ ይጠበሳል፤ ጥላው ትንሽ ከበዛበት ግን ቀጥኖና ረዝሞ ቢያድግም በሕይወት ይቆያል። ስለዚህም ልምድ ያላቸው ገንዳ ጠባቂዎች በጥርጣሬ ጊዜ ወደ ማነሱ ያደላሉ።

ለተክልም ሆነ ለዋቅላሚ የሚጠቅመው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር ያለው ነው። መጠኑ የሚለካው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በአንድ ሰከንድ በሚያርፉ የብርሃን ቅንጣቶች ብዛት ሲሆን፣ መለኪያው ማይክሮሞል ይባላል። ጥርት ባለ ሰማይ የቀትር ፀሐይ 2,000 ማይክሮሞል ገደማ ታወርዳለች። በገንዳ ውስጥ ለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 150 በሚደርስ ብርሃን ይኖራሉ፤ ቅርንጫፋማዎቹና ፈጣን አዳጊዎቹ፣ አክሮፖራ የሚባሉት፣ ከ200 እስከ 350 አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሻሉ። እነዚህ ቁጥሮች በጠባቂዎች ዘንድ የተለመዱ መነሻዎች ናቸው እንጂ ሕግ አይደሉም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሰው ለቢሮና ለመንገድ መብራት የሚጠቀምበት የሉክስ መለኪያ፣ በእጅ ስልክ የሚጫነውም ጭምር፣ የተቀመረው የሰው ዓይን በሚያይበት ልክ ነው። የሰው ዓይን አረንጓዴን አጉልቶ፣ ሰማያዊን አሳንሶ ያያል። የኮራል ገንዳ መብራት ደግሞ በአብዛኛው ሰማያዊ ነው፤ ውኃ ቀዩን ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውጦ የሚያስቀር በመሆኑ ጥልቅ የሚኖሩ ኮራሎች የለመዱት ሰማያዊውን ነው። ስለዚህ ገንዳው ለዓይን ደብዛዛ መስሎ ኮራሉ እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል። ዓይንን ማመን አደገኛ ነው፤ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ፣ ውኃ ውስጥ የሚገባ የብርሃን መለኪያ መግዛት ወይም መዋስ ግድ ይላል።

ማደብዘዣ ቁልፍ የማይሠራው ሥራ

በቀደሙት አሥርት ዓመታት የትልልቅ ገንዳዎች ፀሐይ ሜታል ሃላይድ የሚባለው ኃይለኛ አምፖል ነበር። 250፣ 400፣ አልፎም 1,000 ዋት የሚበላው ይህ አምፖል ከብርሃኑ ጋር ብዙ ሙቀት ስለሚያወርድ፣ ከውኃው ማራቅ የግድ ነበር። ዛሬ ቦታውን በብዛት ኤልኢዲ ወርሶታል። ኤልኢዲ በቁልፍ ወይም በስልክ ሊደበዝዝና ሊደምቅ ይችላል። ታዲያ ማንጠልጠያውን ከፍ ዝቅ ማድረግ ለምን አስፈለገ?

መልሱ በቀላል ስሌት ይገኛል። ርዝመቱ 240፣ ወርዱ 90፣ ቁመቱ 75 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 1,600 ሊትር ገደማ የሚይዝ ገንዳ እንውሰድ። መብራቱ ከውኃው በላይ 20 ሴንቲ ሜትር ተሰቅሏል። አንድ ኮራል ከውኃው ወለል 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ በዐለቱ አናት ላይ፣ ሌላው 60 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ በገንዳው ሥር ተቀምጧል። የመጀመሪያው ከመብራቱ በ40፣ ሁለተኛው በ80 ሴንቲ ሜትር ይርቃል ማለት ነው። ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ የላይኛው ኮራል የታችኛው ከሚያገኘው አራት እጥፍ ያገኛል። የላይኛው 400 ሲደርሰው የታችኛው 100 ብቻ ይቀረዋል።

አሁን ጠባቂው ብርሃኑን በቁልፍ ወደ ግማሽ ቢቀንሰው የላይኛው 200፣ የታችኛው 50 ይሆናል። የላይኛው ከመቃጠል ዳነ፤ የታችኛው ግን ተራበ። ልዩነቱ አሁንም አራት እጥፍ ነው። ቁልፉን ትቶ መብራቱን ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢያደርገውስ? ርቀቶቹ 60 እና 100 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። የላይኛው ብርሃን ወደ 178፣ የታችኛው ወደ 64 ይወርዳል፤ ልዩነቱም ከአራት እጥፍ ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል አልፎ ጥቂት ወደ ሚበልጥ ዝቅ ይላል። በዚህ ከፍታ የመብራቱን ኃይል ቢያሳድገው የታችኛው ሲጠግብ የላይኛው አይቃጠልም። ማደብዘዣው ሁሉንም እኩል ይቀንሳል፤ ከፍታው ግን በላይና በታች ያለውን ያቀራርባል። ማንጠልጠያው የሚንቀሳቀስበት ዋና ምክንያት ይኸው ነው።

በእውነተኛ ገንዳ ቁጥሮቹ ከዚህ ይለያሉ። የኤልኢዲ መነጽር ብርሃኑን ይሰበስበዋል፤ የመስታወቱ ግድግዳ ያመለጠውን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል፤ ውኃው ደግሞ ጥቂቱን ይውጣል። አቅጣጫው ግን አይለወጥም። ከፍ ያለ መብራት ጥላንም ያለሰልሳል። ቅርንጫፋማ ኮራል እያደገ ሲሄድ የራሱን የታች ቅርንጫፎች ያጠላል፤ ብርሃኑ ከአንድ ቦታ ብቻ ሲመጣ በጥላ ያለው ክፍል እየተገፈፈ ነጭ ይሆናል። ብዙ ትንንሽ መብራቶች በከፍታ ተበትነው ሲሰቀሉ ብርሃኑ ከብዙ አቅጣጫ ይገባል።

ከፍታው ዋጋም አለው። መብራቱ በራቀ ቁጥር ብርሃኑ ከገንዳው ውጭ ይፈስሳል፤ የኤሌክትሪክ ክፍያው ይጨምራል፤ የተመልካቹንም ዓይን ይወጋል። በብዙ ገንዳዎች ሚዛኑ የሚገኘው ከውኃው በላይ ከ20 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ባለው መካከል ነው። ይሁንና ማንጠልጠያው ቢያንስ እስከ አንድ ሜትር ከፍ ማለት መቻል አለበት፤ ጠባቂው ገንዳውን ሲያጸዳ ጭንቅላቱንና ክንዱን የሚያስገባበት ቦታ ያስፈልገዋልና።

ፍሬሙ፣ ገመዱና ጨው

ሥራው የሚጀምረው ከክብደት ነው። ለተጠቀሰው ገንዳ እያንዳንዳቸው 5 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ስድስት መብራቶች ቢሰቀሉ 30 ኪሎ ይሆናል። ፍሬሙና ሐዲዶቹ 18፣ ሽቦውና ሌላው ተቀጥላ 7 ኪሎ ቢጨምሩ ድምሩ 55 ኪሎ ግራም ነው። በማንሻ ሥራ የተለመደው ጥንቃቄ ገመዱ፣ ማያያዣውና ማሰሪያው ከሚሸከሙት ቢያንስ አምስት እጥፍ እንዲችሉ ማድረግ ስለሆነ፣ አጠቃላይ አቅሙ ከ275 ኪሎ ማነስ የለበትም። ይህ የተጋነነ የሚመስለው ሰው ከማንጠልጠያው ሥር ክንዱን በጨው ውኃ ውስጥ ነክሮ የሚሠራ ሰው እንዳለ ቢያስብ በቂ ነው።

ክብደቱ የት ያርፋል የሚለው ቀጣዩ ጥያቄ ነው። ኮርኒስ ምንም አይሸከምም፤ መስቀያው ከኮርኒሱ አልፎ በሶሌታው አርማታ ወይም በጣሪያው ወራጅ እንጨት ላይ መያዝ አለበት። ጣሪያው የማያስተማምን ከሆነ አራት እግር ያለው፣ ወለል ላይ የሚቆም በር መሰል ፍሬም በገንዳው ዙሪያ ይተከላል። በገንዳው የመስታወት ጠርዝ ላይ ትልቅ ማንጠልጠያ ማሳረፍ ግን ተገቢ አይደለም። መስታወቱ ከ1,600 ኪሎ በላይ የሚመዝን ውኃ ወደ ውጭ እየገፋው ነው፤ ሌላ ሸክም ሊታከልበት አይገባም።

ለፍሬሙ ተመራጩ በአራቱም ጎኑ ቦይ ያለው የአሉሚኒየም ዘንግ ነው። በቦዩ ውስጥ ዳዶ ስለሚንሸራተት፣ መብራቶቹን የተሸከሙት ተሻጋሪ ዘንጎች ብሎናቸው ላላ ተደርጎ ወደ ፈለጉበት ይገፋሉ፤ እንደገናም ይጠብቃሉ። ማንጠልጠያው ከፍ ዝቅ ከማለቱ ሌላ መብራቶቹን በርዝመት ማቀራረብና ማራራቅ፣ በትንሹም ማዘንበል የሚያስችለው ይህ ነው። ሁለት ረጃጅም ዘንግ፣ ሦስት ወይም አራት ተሻጋሪ ዘንግ፣ ማዕዘኑን የሚያጠብቁ ክርን ማያያዣዎች፤ ከዚህ የዘለለ ውስብስብ ነገር የለውም። ገንዳው መሐል ላይ ደጋፊ መስታወት ካለው ተሻጋሪው ዘንግ በደጋፊው ትክክል ላይ እንዳይውል ማድረግ ይገባል፤ መብራቱ በከንቱ ደጋፊውን ያበራል።

በየሰፈሩ የብረታ ብረት ቤት የሚገኘው ቱቦላሬ ርካሽና ጠንካራ ቢሆንም እዚህ ዕድሜ የለውም። ከገንዳው የሚተን እርጥበት የጨው ጠብታ ይዞ ይወጣል፤ አንቲረስት የተቀባ ብረት እንኳ በብየዳው በኩል ይዝጋል፤ ዝገቱም ወደ ውኃው ይራገፋል። ከዝገት የሚከፋው ግን ዚንክ የተለበጠ ብረት እንዲሁም መዳብና ናስ ናቸው። መዳብ ለኮራል፣ ለሽሪምፕና ለቀንድ አውጣ በጣም ጥቂቱ መርዝ ነው። በእርሻው ዓለም መዳብ የፈንገስ መከላከያ ኬሚካል ሆኖ የሚረጨው በዚሁ ገዳይነቱ ነው። ስለዚህ ከውኃው በላይ አንድም የናስ ማያያዣ፣ አንድም የተላጠ የመዳብ ሽቦ መታየት የለበትም።

ብሎኖቹና ገመዱ ከአይዝጌ ብረት፣ በተለይም የባሕር ጨውን በተሻለ ከሚቋቋመው 316 ከሚባለው ዓይነት መሆን ይኖርባቸዋል። ነገር ግን አይዝጌ ብረትና አሉሚኒየም በጨዋማ እርጥበት ውስጥ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል። በሁለቱ መካከል የናይሎን ሮንዴላ ማስገባት ይህን ይቀንሳል። ትንሽ ወጪ ናት፤ ብዙዎች ግን ይዘሏታል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ብሎኑ በነጭ ዱቄት ተይዞ አልፈታ ይላል።

ማንሻው በብዙ መንገድ ሊሠራ ይችላል። አንዳንዶች በሞተር የሚረዝምና የሚያጥር ዘንግ ይጠቀማሉ፤ ሌሎች በሌላኛው ጫፍ እኩል ክብደት አንጠልጥለው ያመዛዝኑታል። ለትልቅ ገንዳ ቀላሉና አስተማማኙ በእጅ የሚዞር ዊንች ነው። ከፍሬሙ አራት ማዕዘን አራት የብረት ገመዶች ይነሣሉ፤ እያንዳንዱ በጣሪያው ላይ ባለ ፑሊ ዞሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ አራቱም በአንድ ላይ ታስረው በአንዱ ዊንች ይሳባሉ። አንድ ላይ ስለሚሳቡ ፍሬሙ ሳያዘነብል ይወጣል። ርዝመታቸውን ለማስተካከል በእያንዳንዱ ማዕዘን የሚጠመዘዝ መወጠሪያ ይገጠማል፤ የግንበኛ ውኃ ልክ በፍሬሙ ላይ ተቀምጦም ይስተካከላል።

ዊንቹ እጀታው ሲለቀቅ ወደ ኋላ የማይመለስ ዓይነት፣ ማለትም በጠመዝማዛ ጥርስ የሚሠራ ወይም ፍሬን ያለው መሆን ግዴታው ነው። ጠንቃቃ ሠሪ ከዚህም አልፎ ሁለት ነገር ይጨምራል። አንደኛው እያንዳንዱ ገመድ ብቻውን ሙሉውን ክብደት እንዲችል አድርጎ መምረጥ ነው፤ መብራቶቹ ወደ አንድ ጫፍ ሲገፉ ሸክሙ በአራቱ ገመዶች እኩል አይከፋፈልምና። ሁለተኛው ከዊንቹ ጋር ግንኙነት የሌለው የደኅንነት ሰንሰለት ነው። ማንጠልጠያው በሚፈለገው ከፍታ ከቆመ በኋላ ሰንሰለቱ ይቆለፋል፤ ገመዱ ቢበጠስ እንኳ ፍሬሙ ውኃ አይነካም። ፑሊውም በጣም ትንሽ መሆን የለበትም፤ በጠባብ ዙሪያ የሚታጠፍ የብረት ገመድ ክሮቹ አንድ በአንድ ይሰበራሉ።

ስለ ኤሌክትሪኩ ነገሩ አጭር ነው። የጨው ውኃ ኤሌክትሪክን በጣም ያስተላልፋል። መሥመሩ ወደ ምድር የሚያመልጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ወዲያው የሚቋረጥ መከላከያ ሊኖረው ይገባል፤ በአውሮፓ የተለመደው በ30 ሚሊ አምፒር የሚያቋርጠው ነው። የመብራቱ ሽቦ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ ቀለበት ይሠራል፤ በሽቦው ላይ የሚወርድ ጠብታ ከቀለበቱ ሥር ወለል ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይገባም። ማንጠልጠያው ሲወጣና ሲወርድ እንዳይወጠር ትርፍ ሽቦ ይተውለታል። የመሥመር ዝርጋታው የባለሙያ ሥራ ነው።

የብርሃን ካርታ

ማንጠልጠያው ተሰቀለ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ኮራል ከመግባቱ በፊት የገንዳው ብርሃን ይለካል። ጠባቂው መለኪያውን በረጅም ዘንግ አስሮ፣ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ፣ በሦስት ጥልቀት፣ ማለትም ከላይ፣ ከመሐልና ከሥር፣ ንባቡን ይመዘግባል። ለተጠቀሰው ገንዳ ይህ በእያንዳንዱ ጥልቀት ሃያ አራት ገደማ ነጥብ ይሆናል። ውኃው ረግቶ፣ ፓምፑ ጠፍቶ ቢለካ ቁጥሩ አይዋዥቅም። ብዙ መለኪያዎች በውኃ ውስጥ ከእውነቱ አሳንሰው ስለሚያነቡ አምራቹ በሚሰጠው ማባዣ ማረም ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚገኘው ወረቀት ከአፈር ምርመራ ውጤት ጋር ይመሳሰላል። አንድ አርሶ አደር በማሳው የትኛው ጥግ አሲዳማ፣ የትኛው ለም እንደሆነ ሲያውቅ የሚዘራውን እንደሚመርጥ ሁሉ፣ ጠባቂው 300 ባለበት አክሮፖራውን፣ 80 ባለበት ለስላሳውን ያስቀምጣል። ካርታው ሁለት ነገር ጎልቶ ያሳያል። ከመብራቶቹ ቀጥታ ሥር ያሉት ነጥቦች ከፍ፣ በጫፍ ያሉት ዝቅ ይላሉ። ያኔ ነው ተንሸራታቹ ዘንግ ጥቅሙ የሚታየው፤ የጫፍ መብራቶች ወደ ውጭ፣ የመሐሎቹ ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ ይለካል፤ እንደገና ይስተካከላል። ከፍታው በፍሬሙ አጠገብ በተሰቀለ ማስመሪያ ተነብቦ ከቀኑ ጋር ይጻፋል። ጽሑፉ ከሌለ ጽዳት በተደረገ ቁጥር ማንጠልጠያው ወደ ቀድሞ ቦታው መመለሱን ማረጋገጥ አይቻልም፤ የአምስት ሴንቲ ሜትር ስሕተት ለላይኛው ኮራል ትንሽ አይደለችም። ካርታው ኮራሎቹ ሲያድጉና መብራቱ ሲያረጅ ይለወጣል፤ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ መታደስ አለበት።

ማለማመድ

ኮራል ከአንድ ገንዳ ወደ ሌላ ሲዛወር፣ ወይም አሮጌ መብራት በአዲስ ሲተካ ትልቁ ጉዳት ይደርሳል። አዲሱ መብራት ለዓይን ተመሳሳይ መስሎ እጥፍ ብርሃን ሊያወርድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ማንጠልጠያው ከታሰበው ከፍታ በላይ ይሰቀላል፤ የመብራቱ ኃይልም ወደ ግማሽ ገደማ ይቀነሳል። ከዚያም በየሳምንቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ወይም ኃይሉ በመቶኛ አምስት ያህል ይጨምራል። ሁለቱን በአንድ ሳምንት ማድረግ ግን ስሕተት ነው፤ ኮራሉ ሲቆጣ የትኛው እንደጎዳው አይታወቅም። ሥራው በጠቅላላ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ዋቅላሚው ብርሃን የሚይዝበትን ቀለም ይቀንሳል፤ ኮራሉም ራሱን ከብርሃን የሚከላከልበትን ያዘጋጃል።

ምልክቱን ማንበብ መቻል ያስፈልጋል። ፖሊፖቹ ቀን ላይ ተሰብስበው ከቀሩ፣ የአናቱ ቀለም ከጎኑ ቀድሞ ከፈዘዘ፣ ብርሃኑ በዝቷል፤ ማንጠልጠያው በዚያው ቀን ከፍ ይላል። ኮራሉ ቀስ በቀስ እየጠየመ ቅርንጫፉን ወደ አንድ ጎን ከዘረጋ ብርሃን እየፈለገ ነው። ሰዓቱም ከኃይሉ ያላነሰ ቁም ነገር ነው፤ አብዛኞቹ ገንዳዎች በቀን ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይበራሉ። ብርሃን አነሰ ብሎ ሌሊቱንም ማብራት እንስሳውን ዕረፍት ይነሣዋል እንጂ ጉድለቱን አይሞላም።

ጨረቃም ትሰቀላለች

በባሕር ውስጥ ብዙ ኮራሎች በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሙሉ ጨረቃ ካለፈች ከጥቂት ሌሊቶች በኋላ፣ እንቁላላቸውንና የወንዴ ዘራቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ውኃው ይለቅቃሉ። ይህ በገንዳ ውስጥ ታቅዶ እንዲሆን ለማድረግ ተመራማሪዎች ለዓመታት ደክመዋል። በለንደን የሚገኘው ሆርኒማን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2013 ከባሕር ጋር ግንኙነት በሌለው ገንዳ ኮራሎችን በዕቅድ ለማራባት ቻለ። ዘዴው ኮራሎቹ ከመጡበት ባሕር የሚገኘውን የዓመቱን ሙቀት፣ የቀኑን ርዝመት፣ የፀሐይን መውጫና መግቢያ፣ የጨረቃንም መሙላትና መጉደል በገንዳው ላይ ቀን በቀን መድገም ነበር። በዚሁ ትብብር እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2019 በታምፓ ያለው የፍሎሪዳ አኳሪየም ምሰሶ ኮራልን በቤተ ሙከራ ገንዳ እንዲራባ አደረገ።

ለማራባት የታሰበ ገንዳ ማንጠልጠያ ስለዚህ ሁለት ተጨማሪ ዕቃ ይሸከማል። አንዱ ከቀኑ መብራት ተለይቶ በራሱ ሰዓት የሚደምቅና የሚደበዝዝ፣ እጅግ ደካማ የሌሊት መብራት ነው። ሌላው በፍሬሙ ዙሪያ የሚወርድ ጥቁር መጋረጃ ነው። ከኮሪደር የሚገባ አንድ የመብራት ጭላንጭል ለኮራሉ ሌላ ጨረቃ ሆኖ የመራቢያውን ሌሊት ሊያምታታበት ይችላል፤ ማታ የሚገቡ ሠራተኞች ቀይ የእጅ ባትሪ የሚይዙትም ለዚሁ ነው።

ከዚህ የሚወለዱት ጥቃቅን ኮራሎች የመጀመሪያ ወራታቸውን የሚያሳልፉት በጣም ደካማ በሆነ ብርሃን ሥር ነው። በሥጋቸው ውስጥ የሚሠፍሩትን ዋቅላሚዎች ከውኃው እየተቀበሉ ባሉበት በዚያ ጊዜ፣ የእናቶቻቸው ብርሃን ለእነርሱ ይበዛባቸዋል። በአነስተኛ ገንዳ፣ በራሳቸው አነስተኛ ማንጠልጠያ ሥር ተለይተው ያድጋሉ፤ መብራቱም እድገታቸውን እየተከተለ ይወርዳል። ወደ ባሕር የሚመለሱት ደግሞ ብዙ ጊዜ አስቀድመው ደጅ ወዳለ ገንዳ ይወጣሉ። እዚያ ከላያቸው ያለው እውነተኛዋ ፀሐይ ናት፤ እርሷን ዝቅና ከፍ ማድረግ ስለማይቻል፣ ጠባቂዎቹ በገንዳው ላይ የችግኝ ጣቢያ ዓይነት የጥላ መረብ ይዘረጋሉ፤ መረቡንም ደረጃ በደረጃ ያነሣሉ።